ጣና መሀል ሞተር ሲጠፋ፦ ከሽርሽር የእምነት ትምህርት እንዴት ታወጣላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች አስተምራለሁ። ዘንድሮ ለጥምቀት የእህቴ ልጆች ከአዲስ አበባ መጡልን። ከተራውንም፣ ጥምቀቱንም፣ ቃና ዘገሊላንም አብረን ዋልን። በማግስቱ ጥር 13 ደግሞ ጀልባ ተሳፍረን ዘጌ ሄድን። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን፣ ሥዕሎቹን አየን፣ ልጆቹ ቡናው ሥር ሲሯሯጡ ዋሉ።

ስንመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ነፋሱ ተነሥቷል። መሀል ላይ ስንደርስ ሞተሩ ተንገራገረና ጸጥ አለ። ጀልባዋ ወደ ጎን ዞረች፣ ማዕበሉ ይንጣት ጀመር። 11 ሰው ነን። ባለቤቴ አቡነ ዘበሰማያት ስትጀምር ሁላችንም ተከተልናት። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ተነሣ።

እኔም የአስተማሪ ነገር፣ ዕድሉን አላሳለፍኩትም። እዚያው ጀልባው ላይ ለልጆቹ የገሊላውን ማዕበል ተረኩላቸው። ጌታ ነፋሱን እንደገሠጸው፣ ታላቅ ጸጥታም እንደሆነ። የ8 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ያኔ ጌታ ከጀልባዋ በስተኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር፤ በእኛ ጀልባ ታዲያ ከኋላ የነበረው ማን ነው? መልስ አጣሁ። ሳቅሁና አለፍኩት።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከሽርሽር፣ ከበዓል፣ ከሐይቅና ከተራራ የእምነት ትምህርት ስታወጡ ሳታስገድዱት እንዴት ነው? የእኔው በልክ እንደተሰፋ ልብስ ቁጭ ሲል ራሴን ጠረጠርኩ።

ይህን ከጻፍኩ በ4 ቀን ውስጥ 22 መልስ መጣ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ አካሄዱን በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

መልስ 1 የአንዲት እናት ነው። መርቀውናል፣ በሰላም ስለመመለሳችን አመስግነዋል፣ ታሪኩ ማርቆስ 4 ላይ ከቁጥር 35 እንደሚጀምርም ጠቁመዋል። እርሳቸው ልጆቻቸውን ለበዓል ሲያወጡ ምንም አያስተምሩም። ማታ ከእራት በኋላ ብቻ እያንዳንዱ ያየውን አንድ ነገር እንዲናገር ይጠይቃሉ። አንዴ ትንሿ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ቤዛዊት ተራራ ላይ ውላ፣ አባይን ከላይ ሆና አይታ፣ ማታ ያወራችው ስለ አንድ ጉንዳን ነበር። ጉንዳኑ ከራሱ የሚበልጥ ስንጥር ተሸክሞ አንድ ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይወጣል። እናትየው ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩበትም። እኔ ብሆን የሰነፍና የጉንዳኑን ምሳሌ ሳልጨምር አልተኛም ነበር።

መልስ 2 የአንድ ወንድም ነው። ከቤት መውጣት ብቻውን ትምህርት እንደሆነ ጽፎ መዝሙር 19ን አስረጅ አድርጎ አመጣ፣ ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር የሚናገሩበትን። መልስ 3 ወዲያው አረመው። ቁጥሩ 18 እንደሆነና ዳዊት የሚደግም ሰው ይህን እንደማይስት ገልጾ ትንሽ ሸንቆጥ አደረገው። መልስ 4 ገላገላቸው። የግሪኩ ቆጠራ 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ ስለሚያደርግ ከዚያ ወዲያ ያለው በአንድ ያንሳል፤ የእኛ ዳዊት የሚከተለው ይህንን ነው፤ የዕብራይስጡን ቆጠራ የሚከተሉት ደግሞ 19 ይሉታል። ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ነው። መልስ 3 ግን ይቅርታም አላለ፣ ምስጋናም አላመጣ።

መልስ 5 ካርታ የሚወድ ሰው ነው፣ ወደድኩት። የገሊላ ባሕር ባሕር ይባል እንጂ ሐይቅ እንደሆነ፣ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱም 13 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ጻፈ። ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጣና ከ3,000 በላይ ነው። ገሊላ ግን ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በኮረብታ የተከበበ ስለሆነ ነፋሱ ከላይ ድንገት ወርዶ ይመታዋል። የእኛው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ጣና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ መሆኑን ያወቅሁት ከዚህ ሰው ነው። ካፒቴኖቹ ጠዋት ጠዋት እንውጣ የሚሉት በምክንያት ነው ማለት ነው፣ እኔ ለምሳቸው የሚቸኩሉ ይመስለኝ ነበር።

መልስ 6 ፕሮቴስታንት ወጣት ነው፣ ራሱም ተናግሯል። የቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች ለካምፕ ሲወጡ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት የጥሞና ጊዜ አላቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ውሃው ዳር ለየብቻ መቀመጥ፣ ስልክ መዝጋት፣ በቃ። ማንም ማንንም አያስተምርም። ግማሹ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል፣ ግማሹ ደግሞ እንቅልፉን ጨርሶ ይመለሳል፣ እሱም ከሁለተኛው ወገን እንደነበር አልደበቀም። የላከልኝ ምክር አጭር ነበር፦ ትምህርቱ እስኪመጣ ልጆቹን ዝም በላቸው።

እዚህ ላይ መልስ 7 መጣ፣ የውይይቱም ጠባይ ተለወጠ። ገዳም የሚኬደው ለመሳለም እንጂ ለሽርሽር እንዳልሆነ በቁጣ ጻፈ። ሽርሽር የምትለዋ ቃል ራሷ አናዳዋለች። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ፎቶ የሚነሡትን፣ ጀልባ ላይ ስፒከር የሚከፍቱትን፣ ከስግደት ወጥተው ቀጥታ ዓሣ ቤት የሚገቡትን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ እኔን ምን በልተህ ዋልክ ብሎ አፋጠጠኝ። ዓሣ በላን፣ ቀረሶ፣ ሐሙስ ነበር፣ አልኩት። ሐሙስ ባይሆንስ ኖሮ አለኝ። ለዚህ ምን ይመለሳል?

ከ8 እስከ 10 ያሉት መልሶች በሙሉ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ሆኑ። አላስረዝምባችሁም። ጣና እንኳ 14 ሜትር ላይ መሬት አለው፣ ይህ ክርክር ግን መሬት የለውም።

መልስ 11 ወደ ጉዳያችን መለሰችን። ዘጌ ተወልዳ ያደገች እህት ናት። በመጀመሪያ ለመልስ 7 ግማሽ እውነት ሰጠችው፤ የስፒከሩን ነገር እነሱም ይሰሙታል፣ ደኑ ያስተጋባዋል። ቀጥላ ወደ እኛ ዞረች። እንግዳ ሁሉ ስለ ዘጌ ጸጥታ እያወራ ይሄዳል። ያ ጸጥታ ግን ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። ዘጌ ላይ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ይህ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ተብሎ ከአባት ለልጅ የወረደ ነው። ቡናውም ከበትራቸው እንደበቀለ ይነገራል። ስለዚህ የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ጌሾውን፣ ሎሚውን ሸጦ ጤፉን ከገበያ ገዝቶ ነው የሚበላ። የአንድ ቀን እንግዳ በጥላው ሥር ተቀምጦ ትምህርት አገኘሁ ሲል፣ ጥላው ስንት ትውልድ ሞፈር እንዳላነሣበት አያስብም። ይህን ሳነብ ልጆቹን ቡናው ሥር ሲሯሯጡ የቀረጽኳቸው ቪዲዮ ትዝ አለኝ።

የራሷንም ጨመረች። የ12 ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ እሷንና ወንድሞቿን ይዞ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሄደ። ሴት አይገባም። ወንዶቹ ወጡ፣ እሷ ጀልባው ላይ ቀረች። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቀች። አጠገቧ አንዲት ወፍ ዓሣ ልታወጣ ውሃው ላይ ትወረወራለች፣ ትስታለች። ቆጠረቻት፣ 14 ጊዜ ሳተች። በ15ኛው አገኘች ብላ ትጨርሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ በ15ኛው አባቷ ተመለሰና ሄዱ። ወንድሞቿ ዛሬ ስለ ክብራን ሲጠየቁ ጥቁር እንጨትና ብዙ መጽሐፍ ከማለት አያልፉም፣ እሷ ግን ያቺን ወፍ ብትነቃም ብትተኛም ታያታለች። ምን እንደተማረችበት እስካሁን አታውቅም። በጠቅላላው ውይይት ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

መልስ 12 ወደ ጢስ አባይ ወሰደን። ሰውየው ከውጭ የመጡ ዘመዶቹን ይዞ ለፋሲካ ሄደ፣ ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደውን ፏፏቴ እየፎከረ ወስዷቸው ሲደርሱ ገደሉ ላይ ቀጭን ውሃ ብቻ ተንጠልጥሏል። አፈረ። ማታ ቤቱ ገብቶ መብራት ሲያበራ፣ ያላየሁት ውሃ ይኸው አምፖሉ ውስጥ ነው ብሎ ስለማይታየው የእግዚአብሔር ሥራ አሰበ። ቆንጆ ነው። መልስ 13 ግን አልተወለትም። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ እንደሚወስደው፣ አምፖሉን ያበራው ውሃ ጭራሽ በፏፏቴው በኩል የማያልፍ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በዚያ ላይ ፋሲካ በጋ ነው፣ ማየት የፈለገ ክረምቱ ሲወጣ ይሂድ። መልስ 12 ሳቁን ላከና ትምህርቱን በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ ገለጸ።

አሁን መልስ 14። ይህኛው ጀልባ ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ሰላምታ የለውም። ሞተር በጸሎት ብቻ አይነሣም ብሎ ጀመረ፣ ጸሎቱን አልናቀም፣ እሱም ሳያማትብ ገመድ አይፈታም። ግን የጻፍኩትን ሲያነብ ወዲያው ገብቶታል። በዚያ መስመር፣ በዚያ ሰዓት፣ ተንገራግሮ የጠፋ ሞተር መረብ የጠመጠመ ሞተር ነው። የተጣለ የናይለን መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ከላይ ሆኖ አይፈታም። ሰው ቢላ ይዞ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ማን ገባ? ጠየቀኝ። ጽሑፍህ ላይ 11 ሰው አለ፣ ሚስትህ አለች፣ የእህትህ ልጅ አለ፣ ጌታም አለ፤ መረቡን የቆረጠው ግን የለም።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አነበብኩት።

ነበረ። የካፒቴኑ ረዳት፣ 17 ዓመት ቢሆነው ነው። እኛ አቡነ ዘበሰማያት ስንል እሱ ሸሚዙን አውልቆ ቢላውን በጥርሱ ይዞ ገባ። ሦስት ጊዜ ሰጥሞ ወጣ። በሦስተኛው አንድ ክንድ ሙሉ መረብ ይዞ ወጣና ወደ ጀልባው ወረወረው። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፣ እሱም እርጥብ ሱሪውን እንደለበሰ ነፋሱ ላይ ከኋላ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ። እኔ ፊቴን ወደ ልጆቹ፣ ጀርባዬን ወደ እሱ አድርጌ ስለ ማዕበል አስተምር ነበር። ባለቤቴ ነጠላ ደርባ ነበር፣ እኔም ጃኬት ለብሻለሁ። ማናችንም አልሰጠነውም። ስንወርድ ሒሳቡን ለካፒቴኑ ከፈልኩ። ልጁን አመሰግናለሁ ማለቴን አላስታውስም። ስጽፍላችሁ ደግሞ ልደብቀው ብዬ አይደለም፣ ጭራሽ አልመጣልኝም። ይህን ሁሉ እዚያው ጻፍኩላቸው።

መልስ 15 ሊከላከልልኝ ተነሣ፣ ባይነሣ ይሻል ነበር። ጀልባ ነጂዎች እነማን ሆነው ነው ስለ ትምህርት የሚናገሩት ብሎ ገባበት። ዋጋ እንደሚቆልሉ፣ ከልክ በላይ እንደሚጭኑ፣ ላይፍ ጃኬቱም ወይ አይበቃ ወይ ዚፑ አይዘጋ። መልስ 16 ያው ጀልበኛ ነው፣ እሳት ለብሶ መጣ። ነዳጅ በምን ዋጋ እየተገዛ፣ ስንት ቀን ተሰልፎ እንደሚገኝ፣ እንግዳ በቀነሰበት ዓመት ስንት ረዳት ወደብ ላይ ሲያንጎላጅ እንደዋለ ዘረዘረ። የላይፍ ጃኬቱን ነገር ግን አልካደም። መልስ 17 በመሀል ገብቶ ዘጌ በመኪና ይደረሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይደረሳል ወንድሜ፣ ግን ሰዓትህን አይተህ ግባ!

መልስ 18 እምቦጭን አመጣ። ጣና ላይ የታየው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው። አበባው ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ የሚያምር፣ ሥሩ ግን ሐይቁን የሚያንቅ፣ ኃጢአትም እንዲሁ ነው የሚል ስብከት ጻፈ። መልስ 19 ይህን ስብከት ከሦስት መድረክ እንደሰማው፣ አራተኛውን መስማት እንደማይችል ገለጸ። ልክ ነው፣ እኔም ራሴ ልጆቹን አስተምሬበታለሁ። መልስ 19 ግን በትችት ብቻ አልሄደም። ነቀላ ዘመቻ ላይ በሰሜን በኩል ገብቶ ያውቃል። ከጎኑ አንድ አዛውንት ገበሬ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው አረሙን በእጃቸው እየጎተቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ማታ ሲወጡ እግራቸውን አልቅት ይዞት ነበር። ነቅለው ጣሉትና ነገ በስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቁ። ለዚህ ምሳሌ መፈለግ አላስፈለገውም።

መልስ 20 ቅኔ የተማሩ አንድ አባት ናቸው፣ ቁጣውን ያበረዱት እርሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ እንደመለሰችው አስታወሱን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፣ ሜዳው አበባ በሚለብስበት ጊዜ የእመቤታችን ስደት ይታሰባል። በአበባው ወር ስደት! ሕፃን ታቅፎ በረሃ ለበረሃ መንከራተት። ጣና ቂርቆስም ሦስት ወር ከአሥር ቀን እንደተቀመጠች በትውፊት ይነገራል። ስለዚህ አበባን አይቶ ስደተኛን ማሰብ የእኛው ትምህርት ነው አሉ። ሽርሽር የምትለውንም ቃል አልናቋትም። ማርቆስ 6 ላይ ጌታ ሐዋርያቱን ለብቻችሁ ኑና ጥቂት ዕረፉ ብሏቸው በታንኳ ይሄዳሉ። ሲደርሱ ግን ሕዝቡ በእግሩ ቀድሟቸው ቆሟል፣ ያም ሕዝብ ራበው። ዕረፍቱ በዚያው ቀረ። አባታችን ይህን ካሉ በኋላ ለመልስ 14 ለብቻው ምርቃት ጻፉለት፤ ለእኔ ደግሞ ምንም አልጻፉልኝም፣ የገባኝም ያኔ ነው።

መልስ 21 አጭር ናት። ከዓሣውም፣ ከመዝሙሩም፣ ከነዳጁም ወጥታ የእህቴ ልጅ የጠየቀውን መልሼ እንዳነበው ብቻ ጠቆመችኝ። አነበብኩት።

መልስ 22 ያው ጀልበኛ ነው። ድምፁ ረግቧል። የነገርኩት መልክ ከሆነ ልጁን ያውቀዋል፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ወደብ ከመጣሁ አገኘዋለሁ። ጃኬቱንም እንዳልረሳ አከለበት፣ ሲያሾፍ ይሁን የምሩን አልገባኝም።

ትናንት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። ሐይቁ እንደ ምጣድ ተኝቷል። ልጁ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ በቆርቆሮ እየጨለፈ ይደፋል። ሰላም አልኩት፣ ስሜን ነገርኩት፣ ያን ቀን እያነሣሁ ልተርክለት ጀመርኩ። እስኪገባው ድረስ አየኝ። የትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀኝ። የጥምቀት ሰሞን፣ ልጆች ይዘን፣ መረብ ሲይዘን አልኩት። በዚያ ሰሞን አራት ጊዜ ገብቷል፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ መለየት አልቻለም። ጃኬቱን ሰጠሁት፣ ለካው፣ እጅጌው አጠረው፣ ሳቀ። ትንሽ ገንዘብም ጨመርኩለት። ካፒቴኑ ጠራውና ገመዱን ሊፈታ ሄደ።

ማታ ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። ከኋላ የነበረውን ሰው እንዳገኘሁት ነገርኩት። መጀመሪያ ያስጨነቀው ሌላ ነው፦ ሲገባ ውሃው ቀዝቅዞት ነበር ወይ?

አልጠየቅሁትም።